ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ቡና ላይ ያላችሁ ተረጋግታችሁ ጠጡ፤ ከአቦሉ ጋር የሚጀምረው የዛሬው ጨዋታ እስከ በረካ ያዘልቃል። ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ከአገራቸው ወጥተው በሌላ የኅብረቱ አገር ሲኖሩ የሚያወጡት የቋሚ መኖሪያ ሰነድ ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(የወረቀት መገላበጥ ድምፅ)

ብራስልስ ውስጥ፣ ከአንዲት ነርስ አልጋ ሥር፣ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ነርሷ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ስቶክሆልም የገባች፣ እዚያው ተምራ የስዊድን ዜግነት ያገኘች ናት። በስም የምትታወቅ ሰው አይደለችም፤ ከብዙዎች ኑሮ ተውጣጥታ ለምሳሌ የቆመች ናት። ካርቶኗ ግን በብዙ ቤት አለ። የስድሳ ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሁለት ቤት የኪራይ ውል፣ ቤልጂየሞች ሙቱዌል ከሚሉት የጤና መድን የመጡ ደብዳቤዎች፣ ጠርዙ የታጠፈ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ቁራጭ።

ባለቤቷ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከተቀላቀላት ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ይሄን ሁሉ ወረቀት መቼ ነው የምትጥዪው?» እያለ ይጨቀጭቃታል። እሷ መልስ አትሰጠውም፤ የወሩን ወረቀት አጥፋ ትጨምርና ካርቶኑን በእግሯ ወደ ውስጥ ትገፋዋለች።

እስቲ አድማጮች፣ እናንተ ከማን ወገን ናችሁ? የአውሮፓ ፓስፖርት በእጇ እያለ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራላታል?

(አጭር ሙዚቃ)

መልሱ ያለው ኤፕሪል 29 ቀን 2004 በጸደቀ አንድ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያው ከጸደቀ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሜይ 1፣ አሥር አዳዲስ አገሮች ኅብረቱን ተቀላቅለዋል። ከዚያ በፊት የሠራተኛው ሕግ ለብቻው፣ የተማሪው ለብቻው፣ የጡረተኛው ለብቻው ተበታትኖ ነበር። መመሪያው ሰበሰበውና አንድ አዲስ ነገር ጨመረበት፤ በሌላ የኅብረቱ አገር በሕጋዊ መንገድ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የኖረ ዜጋ ቋሚ የመኖሪያ መብት ያገኛል።

አባባሉን ልብ በሉ። ያገኛል ነው የሚለው፤ ይሰጠዋል አይደለም። አምስተኛው ዓመት በሞላበት ቀን መብቱ በራሱ ይመጣል። ማመልከቻ ባይገባም፣ ማኅተም ባይመታም።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ? ልጅ የሚወለደው ቀበሌ የልደት ሰርተፊኬት ስለሰጠው አይደለም። አስቀድሞ ተወልዷል፤ አልቅሷል፤ ጡት ጠብቷል። ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ሲሄድ ግን ሰርተፊኬት አምጣ ይባላል። የቋሚ መኖሪያ ሰነድም እንደዚያው ነው። መብቱን የሚያመጣው ጊዜው ነው፤ ወረቀቱ ምስክር ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

(አጭር ዝምታ)

አምስት ዓመት ከመሙላቱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የኅብረቱ ዜጋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ብቻ ይዞ የፈለገበት የኅብረቱ አገር መቀመጥ ይችላል። ከሦስት ወር በላይ ሲሆን ግን ጥያቄ ይመጣል፤ ተቀጥረህ ትሠራለህ? የራስህ ሥራ አለህ? ካልሠራህ የምትኖርበት ገንዘብና የተሟላ የጤና መድን ይዘሃል? ተማሪ ነህ?

ጥያቄው ለወጉ ያህል የተቀመጠ አይደለም። ቤልጂየም በ2010ዎቹ ዓመታት ለማኅበራዊ እርዳታው ሸክም ሆነዋል ያለቻቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ የኅብረቱ ዜጎች የመኖሪያ መብት አንስታለች። ፓስፖርታቸው የኅብረቱ ነበር፤ አምስት ዓመታቸው ግን አልሞላም። ብዙ ሰው «የአውሮፓ ፓስፖርት ካለ አለቀ» የሚለው ይህን ሳያይ ነው።

አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሥራ ቢያጣ፣ ቢታመም፣ እርዳታ ቢጠይቅ ኑሮህ በምን ነው ተብሎ መብቱ አይነሳም። ከአገር ለማስወጣትም ከባድ የሕዝብ ደኅንነት ወይም የጸጥታ ምክንያት ያስፈልጋል።

(የበር ደወል ድምፅ)

ደወሉን ሰማችሁት? ነርሷ ብራስልስ በገባች በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሯን ያንኳኳው የሰፈሩ ፖሊስ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ «እዚህ አድራሻ እኖራለሁ» ብላ ተመዝግባ ነበር። በቤልጂየም ወግ የሰፈሩ ፖሊስ መጥቶ በእርግጥ እዚያ መኖሯን ያያል፤ ስሟ በፖስታ ሣጥኑና በደወሉ ላይ መለጠፉን ሳይቀር። ያን ቀን ደንግጣ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የመቁጠሪያው መነሻ የሆነላት ያ ምዝገባ ነው። ደወሉ ላይ ስም ሳይጽፉ፣ በዘመድ አድራሻ ተመዝግበው ሌላ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ቀኑ ሲደርስ የሚቸገሩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ። እርሳስ ያላችሁ አንሱ፤ የሌላችሁ ደግሞ አትጨነቁ፣ ደጋግመን እንለዋለን።

«ሳያቋርጥ» ማለት ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው? አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ የወጣባቸው ቀናት ተደምረው ከስድስት ወር ካልበለጡ ቆጠራው አይቋረጥም። ነርሷ በሁለተኛው ዓመት እናቷ ታመው አዲስ አበባ ዘጠኝ ሳምንት ተቀመጠች። ተመለሰች። እናት ሲያርፉ ደግሞ ሄዳ ለአርባው ቆየች፤ ይህም ስድስት ሳምንት ነው። ተደምሮ ከአራት ወር በታች ስለሆነ ቆጠራዋ አልተነካም።

ስምንት ወር ብትቆይስ ኖሮ? መመሪያው ለአንድ ጊዜ ብቻ እስከ አሥራ ሁለት ተከታታይ ወር መቅረትን ይፈቅዳል፤ ምክንያቱ ግን ከባድ መሆን አለበት። እርግዝናና ወሊድ፣ ጽኑ ሕመም፣ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና፣ አሠሪ ወደ ሌላ አገር ሲልክ፤ ሕጉ በምሳሌነት የሚጠራቸው እነዚህን ነው። እናት ማስታመም በስሙ አልተጠራም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው የሐኪም ማስረጃውን ከኢትዮጵያ ሳይወጣ ቢይዝ ይሻለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የሆስፒታል መዝገብ ፍለጋ መመለስ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

መብቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ ይገባል። ያኔ ስድስት ወር የሚባል ነገር የለም። መብቱ የሚጠፋው ከአገሩ ወጥቶ ከሁለት ተከታታይ ዓመት በላይ ሲቆይ ብቻ ነው። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ያቀላቅላሉና እንድገመው፤ አምስት ዓመቱ እየተቆጠረ ሳለ በዓመት ስድስት ወር፤ ከሞላ በኋላ በተከታታይ ሁለት ዓመት።

አንዲት ፈረንሳዊት ይህን ጉዳይ ሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አድርሳዋለች። በ1999 መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ ሄደች፤ ሠራች፣ ሥራ ፈለገች፣ እስከ 2005 መጀመሪያ ኖረች። ከዚያ ወደ አገሯ ሄዳ አሥር ወር ያህል ቆየችና ተመለሰች። በ2006 መጨረሻ ነፍሰ ጡር ሆና የገቢ ድጋፍ ስትጠይቅ የመኖሪያ መብት የለሽም ተባለች። መመሪያው በየአገሩ ሥራ ላይ እንዲውል የተቀመጠው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 30 ቀን 2006 ነበር፤ ታዲያ ከዚያ በፊት የኖረችው ይቆጠራል ወይ? ፍርድ ቤቱ በ2010 አዎን ይቆጠራል አለ። የአሥር ወሩ መቅረትም ከሁለት ዓመት ስለሚያንስ መብቷን አያጠፋም አለ።

በእስር ያለፈ ጊዜ ግን አይቆጠርም፤ ይህንንም ያው ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ሥራ ያጣ ሰውስ? ብዙ አድማጭ የሚጠይቀው ይህን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቶ ያለ ፈቃዱ ሥራ ያጣና ሥራ ፈላጊነቱን ያስመዘገበ የኅብረቱ ዜጋ በሕግ ዐይን አሁንም ሠራተኛ ነው። ብራስልስ ላይ የሚመዘገበው አክቲሪስ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። «ሥራ እንደሆነ አገኛለሁ፣ ምዝገባው ምን ያደርግልኛል» ብሎ አምስት ወር በጓደኛ ቤት የከረመ ሰው ኋላ ላይ እነዚያን ወራት ማስረዳት ይከብደዋል። ነርሷ አንድ ጊዜ ኮንትራቷ አልቆ ነበር። በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች፤ ደረሰኙም ካርቶኑ ውስጥ ነው።

አምስት ዓመት የማይጠብቁም አሉ። በጡረታ ዕድሜ ሥራውን ያቆመ ሰው በዚያ አገር ሦስት ዓመት ከኖረና የመጨረሻውን አሥራ ሁለት ወር ከሠራ ይበቃዋል። ሁለት ዓመት ኖሮ ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለም እንዲሁ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ሆኖ የዚያ አገር ተቋም ጡረታ የሚከፍልበት ከሆነ የሁለት ዓመቱም ቆይታ አይጠየቅም። ከሕንፃ ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ አምስተኛውን ዓመት እንዲጠብቅ አይገደድም ማለት ነው።

ማመልከቻው የሚገባበት በር እንደየአገሩ ይለያያል። ቤልጂየም ላይ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ ወደ ብራስልሱ የውጭ ዜጎች ቢሮ ይሄዳል፤ መብቱ ሲረጋገጥም በፊት ኢ ፕላስ፣ አሁን ኢዩ ፕላስ የሚባለው ካርድ ይሰጣል። ሆላንድ ላይ አይ ኤን ዲ ነው፤ ስዊድን ላይ ሚግራሹንስቬርኬት። ስፔን ላይ ለመጀመሪያው ምዝገባም ለቋሚውም ቅጹ አንድ ነው፤ የሚለየው ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ነው። ጀርመን ከ2013 ወዲህ ለኅብረቱ ዜጎች ተራውን የመኖሪያ ማረጋገጫ መስጠት አቁማለች፤ የቋሚውን ግን ለጠየቀ ትሰጣለች።

ጣሊያን ደግሞ ቴምብር አላት። ማርካ ዳ ቦሎ ትባላለች። አንዷ በማመልከቻው ላይ፣ አንዷ በሚሰጠው ማረጋገጫ ላይ ትለጠፋለች፤ እያንዳንዷ 16 ዩሮ። አዲስ አበባ ውል ሊያስመዘግብ ሄዶ «ቴምብር ግዛና ና» የተባለ ሰው ሮም ላይ ባይተዋር አይሆንም። መመሪያው የሚለው ሰነዱ በነፃ ይሰጥ፣ ካስከፈለም የአገሩ ተወላጅ ለተመሳሳይ ወረቀት ከሚከፍለው አይብለጥ ነው። ስለዚህ አንድ ደላላ «የቋሚ መኖሪያው ክፍያ ይህን ያህል መቶ ዩሮ ነው» ቢል ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ መጠየቅ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ወደ ብሪታንያ እንሻገር። ያዙልን ያልናት ነገር ትዝ አለቻችሁ? መብቱን የሚያመጣው ጊዜው ነው፤ ወረቀቱ ምስክር ነው። ብሪታንያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የአውሮፓ ዜጎች ይህን ሰምተው ምስክሩን ሳያወጡ ኖሩ። ከመካከላቸው የሆላንድ፣ የስዊድን ወይም የጣሊያን ፓስፖርት ይዘው ለንደን የገቡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የሠሩት ሠሩ፤ ልጅ ያሳደጉት አሳደጉ። ሕጉም አልተቃወማቸውም።

ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታንያ ከኅብረቱ ለመውጣት ድምፅ ሰጠች።

ሰዉ ወደ ማመልከቻው ሮጠ። ቅጹ 85 ገጽ ነበር። ክፍያው 65 ፓውንድ፤ ይህስ ደህና። ቅጹ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ከአገር የወጣህባቸውን ጉዞዎች ጻፍ ይላል። ለቅዳሜና እሑድ አምስተርዳም እህቱን ሊጠይቅ ሃያ ጊዜ የተመላለሰ ሰው እንዴት ያስታውሰው? ካርቶን ያልነበረው ሰው ያኔ የድሮ ኢሜይሉን ሲበረብር አደረ።

ከጉዞው የባሰው የጤና መድኑ ነበር። ተማሪዎች፣ በራሳቸው ገንዘብ የሚኖሩ፣ ቤት ተቀምጠው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች የተሟላ የጤና መድን ነበራችሁ ወይ ተባሉ። እነሱም ሐኪም ሲያሻቸው እንደ ሁሉም ሰው የሚሄዱት ወደ መንግሥቱ የጤና አገልግሎት ነበር፤ ማንም ሌላ መድን ግዙ አላላቸውም። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን ያ አይቆጠርም አለ። ዓመታት የኖሩ ሰዎች ማመልከቻ ተመለሰ። ማርች 10 ቀን 2022 የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት በነፃ መካተት በቂ መድን ነው ሲል ፈረደ። ብሪታንያ በዚያን ጊዜ ከኅብረቱ ወጥታ ነበር። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ለብዙዎች ግን ከለቅሶው በኋላ እንደመጣ መድኃኒት ነው።

ከዚህ ፍርድ አስቀድሞ ግን ብሪታንያ አዲስ አሠራር አምጥታ ነበር። በማርች 2019 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ 65 ፓውንድ ይከፈልበታል ተብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ በጃንዋሪ አስቀሩት። አመልካቹ ስልኩን ፓስፖርቱ ላይ ያስጠጋል፤ መሥሪያ ቤቱ በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩ የግብር መዝገቡን ራሱ ያያል። አምስት ዓመት የሞላው ቋሚውን፣ ያልሞላው ጊዜያዊውን ያገኛል። የጤና መድን ጥያቄም ቀረ። ከ85ቱ ገጽ ጋር ሲነጻጸር፣ እውነት ለመናገር፣ ሰማይና ምድር ነው።

ግን አንድ ጉድ ነበረው። በ85ቱ ገጽ ታግለው የቋሚ መኖሪያ ሰነዱን ያወጡትስ? የእነሱም ወረቀት ከጁን 30 ቀን 2021 በኋላ ዋጋ አጣ፤ እንደ አዲስ ማመልከት ነበረባቸው። ሰነዱን ደረታቸው ላይ ይዘው «እኛ ጨርሰናል» ብለው የተቀመጡ፣ በተለይ ኢንተርኔት የማይነኩ አዛውንቶች፣ ቀኑ እንዲሁ አለፋቸው። ምስክሩ አለ፤ ችሎቱ ግን ተቀየረ። አዲሱ ፈቃድ ደግሞ ለኅብረቱ ዜጎች በእጅ የሚያዝ ካርድ የለውም፤ ቤት አከራይ ሲጠይቅ ከኢንተርኔት ኮድ አውጥቶ መስጠት ነው።

(አጭር ዝምታ)

ወደ ብራስልስ እንመለስ። ባለቤቷን አልረሳችሁትም? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘው። እሱስ?

እሱም በዚያው መመሪያ ውስጥ አለ፤ የኅብረቱ ዜጋ የትዳር ጓደኛ ስለሆነ። አሁን የያዘው ኤፍ ካርድ የሚባለውን ነው። እዚህ ላይ ግን ጆሮ ስጡን። እሷ ስዊድናዊት ሆና ቤልጂየም ስለምትኖር ነው ይህ ሕግ የሚሠራለት። ሁለቱ ስቶክሆልም ቢኖሩ ኖሮ የእሱ ጉዳይ የሚታየው በስዊድን የራሷ ሕግ ነበር። የሌላ ሰው ባል በዚህ መንገድ አገኘ ሲባል ሰምቶ የሚሮጥ አለ፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሚስቲቱ የምትኖረው በራሷ አገር ነው ወይስ በሌላ የሚለው ነው።

ሁለተኛ፣ የእሷ አምስት ዓመት የእሱ አምስት ዓመት አይደለም። እሷ ሞላላት፤ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው እሱ ከገባበት ቀን ነው። ሲሞላለት የያዘው ካርድ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት አለበት፤ መሥሪያ ቤቱም በስድስት ወር ውስጥ ለአሥር ዓመት የሚያገለግለውን የቋሚ መኖሪያ ካርድ መስጠት አለበት። በመካከሉ ቢፋቱስ? ትዳሩ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየና ከዚያ አንዱ ዓመት በሚኖሩበት አገር ያለፈ ከሆነ ፍቺው ብቻውን መኖሪያውን አያሳጣውም። ቋሚውን እስኪያገኝ ግን በራሱ ገቢ መቆሙን ማሳየት ይኖርበታል።

ሌላም ካርድ አለ፤ በስም የሚመሳሰል። ከኅብረቱ ውጪ ያለ አገር ዜጋ፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በራሱ ፈቃድ ጣሊያን አምስት ዓመት የኖረ፣ የሚያወጣው የረጅም ጊዜ ነዋሪ ፈቃድ ነው። እሱ በ2003 በወጣ ሌላ መመሪያ ይመራል። የጎረቤትን ቅጽ ቀድቶ ሲሞላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

(የወረቀት መገላበጥ ድምፅ)

ነርሷ ባለፈው ሳምንት ካርቶኑን በፌስታል ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ከስድሳው የደመወዝ ወረቀት ጥቂቱን አየች፣ የሙቱዌሉን ደብዳቤ ኮፒ አደረገች፣ የአክቲሪሱን ደረሰኝ ፈልጋ ራሷ አወጣች። ማመልከቻው ገባ። ውሳኔው እስከ አምስት ወር ሊወስድ ይችላል ተባለች።

ቤት ስትገባ ባለቤቷ «እህ፣ አሁን እንኳን ይጣል?» አላት።

ሳቀችና አንድ ቁጥር ነገረችው፤ 468። የቤልጂየም ዜግነት በአምስት ዓመቱ መንገድ የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ከቋንቋውና ከሌላው ሌላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 468 ቀን መሥራቱን በወረቀት ማሳየት አለበት።

ባልየው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፤ ባለፈው ክረምት የገዛውን ጫማ ከካርቶኑ አወጣና ጥግ ላይ አስቀመጠው። ባዶውን ካርቶን አልጋው ላይ አድርጎ፣ በየጃኬቱ ኪስ ተጣጥፎ የቀረ የደመወዝ ወረቀቱን ይፈልግ ጀመር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ እያለ ይገባል)